ተተከለች ወይስ ጸደቀች?

በአማርኛ ከምወዳቸው ቃላት መካከል ሁለት ግሦች አሉ፤ «ተከለ» እና «ጸደቀ»። የመጀመሪያው የሰው ሥራ ነው። አፈሩን ትምሳላችሁ፣ ችግኟን ታስገባላችሁ፣ አፈር ትመልሳላችሁ፣ ውኃ ታጠጣላችሁ፣ እጃችሁን ትታጠባላችሁ፤ አለቀ። (ካስፈለገም ፎቶ ትነሳላችሁ።) ሁለተኛው ግን የተክሏ የራሷ ሥራ ነው። ሰው ይተክላል፤ የምትጸድቀው ግን እሷው ናት። ነፍስ ስትጸድቅ፣ አዋጅ ሲጸድቅ፣ ችግኝ ሲጸድቅ በአንድ ቃል መጠራታቸው አያስገርምም? ሦስቱም ዘንድ ከሥራው በኋላ የሚመጣ የጥበቃ ጊዜ አለ። ሦስቱም ዘንድ ውጤቱ የሚታወቀው ቆይቶ ነው።

ዛሬ የምጽፈው በእነዚህ ሁለት ግሦች መካከል ስላለው ጊዜ ነው። አንድን የቤት ውስጥ ተክል ከድሮ ማሰሮው አውጥተን ወደ አዲስ ካዛወርንበት ቀን አንሥቶ ተክሉ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ስላሉት ሳምንታት። በየቤቱ የሚሞቱት የማሰሮ አበቦች አብዛኞቹ የሚሞቱት እዚህ መሐል ይመስለኛል። የሚሞቱትም በቸልተኝነት አይደለም፤ በፍቅር ነው። ከልክ ባለፈ፣ እጁን ሰብስቦ መቀመጥ በማይችል ፍቅር።

መቼም «ስለ አበባ ማሰሮ ይሄን ያህል ምን ያስጽፋል?» የሚል አይጠፋም። ግድ የለም፣ እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ቆዩ።

ከመሬት በታች ምን እየሆነ ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። የሁላችንም ዓይን የሚያርፈው ቅጠሉ ላይ ነው። ቅጠሉ ጠወለገ፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ጫፉ ነደደ፣ ረገፈ። ችግሩ ያለው ግን ታች ነው። ውኃ ከአፈር የሚመጠው በዓይናችን የምናየው ወፍራሙ ሥር ሳይሆን፣ ጫፉ አካባቢ የሚበቅሉት እጅግ የቀጠኑ የሥር ፀጉሮች ናቸው። እያንዳንዷ ፀጉር ከአንዲት ሕዋስ የወጣች ናት። ተክሉን ከማሰሮው ስንነቅል፣ የድሮውን አፈር ስናራግፍ፣ ሥሩን ስንፈታታ ከእነዚህ ፀጉሮች ብዙዎቹ ይበጠሳሉ። ምንም ያህል ብንጠነቀቅ ይበጠሳሉ።

ቅጠሎቹ ግን ይሄን ወሬ አልሰሙም። እንደ ትናንቱ በጥቃቅን ቀዳዳዎቻቸው ውኃ ወደ አየር ይተፋሉ። ላይ ያለው ወጪ አልቀነሰም፤ ታች ያለው ገቢ ግን ወርዷል። ደሞዙ በግማሽ ተቀንሶ የቤት ኪራዩ እንዳለ የቀረበት ቤተሰብ ምን ይሆናል? መጀመሪያ ይጠወልጋል፤ ከዚያ የሚቀንሰውን ይቀንሳል። ተክሏም አሮጌ ቅጠሎቿን ትጥላለች። ይሄ መሞት አይደለም፤ በጀት ማስተካከል ነው።

በዚህ ረገድ የፊከስን ያህል የሚያስደነግጥ የለም። በየቢሮው መግቢያና በየሳሎኑ ጥግ የቆመው ባለ ትንንሽ ቅጠሉ ፊከስ የዋርካና የሾላ ዘመድ ነው። ቦታ ስትቀይሩበት ብቻ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ማሰሮ ከቀየራችሁበትማ ወለሉን ሊሞላው ይችላል። ባለቤቱ «ሞተ» ብሎ ያለቅሳል። ግንዱን በጥፍር ጫር አድርጎ ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ መኖሩን ያየ ሰው ግን አያለቅስም። አረንጓዴ ካለ ሕይወት አለ። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው። ችግሩ፣ ትዕግሥት ከሁሉም ግብዓት በላይ የተወደደብን መሆኑ ነው።

እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ

የጠወለገ ቅጠል ያየ ሰው ሁሉ እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጆግ ነው። «ጠምቷት ነው!» ይላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ገዳዩ እዚህ ላይ ነው የሚገባው።

ሥርም ይተነፍሳል። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ግማሽ በውኃ፣ ግማሽ በአየር መሞላት አለበት እንበል። ሁሉንም በውኃ ከሞላነው ኦክስጅን ያልቃል፤ ሥሩ ይታፈናል። የታፈነ ሥር ውኃ መምጠጥ አይችልም። ውኃ መምጠጥ ያልቻለ ተክል ደግሞ ምን ያደርጋል? ይጠወልጋል! እናንተም የጠወለገውን አይታችሁ ሌላ ጆግ ትጨምራላችሁ። የቆሰለው ሥር ላይ በእርጥብ አፈር የሚራቡ የመበስበስ ተሕዋስያን ይገባሉ፣ ሥሩ ይጠቁራል፣ ይላላል፣ ይሸታል። ተክሏ በውኃ መሐል ቆማ በውኃ ጥም ትሞታለች።

በውኃ ብዛት የሚሞትና በውኃ እጥረት የሚሞት ተክል ከላይ ሲታዩ መንታ ናቸው። ልዩነታቸው የሚታወቀው በጣት ነው። አዎ፣ በጣት። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ አስገቡ። ደረቅ ከሆነ ተጠምታለች፤ አጠጧት። እርጥብ ሆኖ ሳለ ከጠወለገች ግን ጆጉን አስቀምጡትና ከአጠገቧ ሂዱ። ሌላም ዘዴ አለ፤ ማሰሮውን ብድግ ማድረግ። ውኃ የያዘ አፈር ከባድ ነው፣ የደረቀ ቀላል ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ያነሣ እጅ ሚዛን ይሆናል።

የጋዜጠኝነት ትምህርት አንድ ነገር ካስተማረኝ ከመጻፍ በፊት መጠየቅን ነው። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። ተክል ፊት ቆመን ጆግ ከማንሣታችን በፊት እነዚያኑ ብንጠይቅስ? የተዛወረችው መቼ ነው? የቆመችው የት ነው? አፈሩ ምን ያህል እርጥብ ነው? ማሰሮው ታች ቀዳዳ አለው? ከተዛወረች ገና ሳምንቷ ከሆነ መጠውለጓ ዜና አይደለም፤ የሚጠበቅ ነው። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይባላል። እኛ ግን የምናፈስሰው ውኃ መልሶ አይለቀምም።

የአንዲት እናት ጤና አዳም

በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት እናት አሉ። የልማት ተነሺ ናቸው። ብዙ ዓመት ከኖሩበት ግቢ ሲወጡ አልጋቸውን፣ ቡፌያቸውንና ረከቦታቸውን ይዘው መጡ። አንድ የኒዶ ጣሳም ይዘው መጡ፤ በጣሳዋ ውስጥ ከግቢያቸው የተቆረጠች ጤና አዳም ነበረች። ግቢው አሁን የለም። የዘር እናቷ የነበረችው ቁጥቋጦም ከአጥሩ ጋር ሄዳለች። ስለዚህ ቡና በተፈላ ቁጥር በሲኒ ውስጥ የምትገባዋ ያቺ ቅንጣት ቅጠል የተራ ቅመም ጉዳይ አልነበረችም። ከዚያ ሰፈር በሕይወት የቀረች ነገር እሷ ነበረች።

ልጃቸው እናቱን ሊያስደስት አንድ ትልቅ የሚያብረቀርቅ የሸክላ ማሰሮ ገዛ። ጤና አዳሟ በሐምሌ ብርድ ከጣሳዋ ወጥታ ባልዲ የሚያህል ማሰሮ ውስጥ ገባች። በሁለት ሳምንት ቢጫ ሆነች። ከዚያ የጎረቤት ምክር ጀመረ። አንዷ «ውኃ ጨምሩላት» አለች። ሌላዋ «የቡና አተላ ድፉባት፣ ትወዳለች» አለች። ሦስተኛዋ ስኳር በጥብጣ መጣች። ከምድር ቤት ደግሞ እርጥብ ፍግ በፌስታል ተላከ። ሁሉም ከልባቸው ነው፤ አንዳቸውም ክፉ አላሰቡም። ጤና አዳሟ ግን አንገቷን ደፋች።

አንድ ጠዋት ስወርድ «ልጄ፣ እግረ መንገድሽን ይቺን ጣይልኝ፤ እንደኔ አገሯን ናፍቃ ነው መሰል አልሆነላትም» አሉኝ።

ግንዷን በጥፍሬ ጫር አደረግኩት። አረንጓዴ ነበር። «እማማ፣ አልሞተችም፤ እንያት» አልኳቸው። በረንዳው ላይ ጋዜጣ ዘርግተን አወጣናት። ያ የሚያምረው ማሰሮ ታች ቀዳዳ አልነበረውም። ከታች ያለው አፈር ጭቃ ሆኖ ረግረግ ረግረግ ይሸታል። ከሥሯ ገሚሱ ቡናማ ሆኖ በጣት ሲነካ ይሟሟል። ገሚሱ ግን ነጭና ጠንካራ ነበር። የበሰበሰውን በንጹሕ መቀስ ቆርጠን ጣልን። የኒዶ ጣሳዋን ከኩሽና ፈልገን ታቹን በምስማር በሳሳነው። አሮጌውን ጭቃ ትተን ቀለል ያለ አፈር ከደቃቅ ሬድ አሽ ጋር ቀላቅለን መለስናት። አንዴ አጠጥተን፣ ውኃው በቀዳዳው ጠብ ጠብ ብሎ እስኪያልቅ ጠብቀን፣ ብርሃን ባለበት ፀሐይ ግን በቀጥታ በማይመታው መስኮት ሥር አስቀመጥናት።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ነገር ምንም ነው። ከባዱም እሱ ነበር። እማማ በየቀኑ ጆግ ይዘው ይመጣሉ፤ ጣታቸውን ያስገባሉ፤ እርጥብ ነው፤ ይመለሳሉ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ምንም ለውጥ የለም። ሦስት ሳምንት አለፈ፣ አሁንም ምንም የለም። በአራተኛው ሳምንት ከቅርንጫፏ ጥግ የስንዴ ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ነጥብ ወጣች። ጸደቀች ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

ስለ መድኃኒቶቹ

የጎረቤቶቹን ምክር አንድ በአንድ ማንሣት ያለብኝ ለመሳለቅ ሳይሆን ሁላችንም ቤት ስላሉ ነው።

ፍግና ማዳበሪያ፦ ማዳበሪያ ጨው ነው። ሥሩ የቆሰለ ተክል አፈር ውስጥ ጨው ሲበዛ ውኃ መሳብ ይበልጥ ይከብደዋል። ያልበሰለ እርጥብ ፍግ ደግሞ አሞንያው ጨቅላ ሥርን ይለበልባል። ከሆድ ሕመም ገና ላልተነሣ ሰው ክትፎ እንደማቅረብ ማለት ነው። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያህል ይቆይ፤ አዲስ ቅጠል ከታየ በኋላ ቀጠን ተደርጎ ይሰጣል።

ስኳር፦ ተክል ስኳሩን የሚሠራው በቅጠሉ ከብርሃን ነው። አፈር ላይ የሚደፋው ስኳር የሚመግበው ተሕዋስያንን ነው፤ የበሰበሰ ሥር ባለበት ደግሞ እነሱን መጋበዝ አያስፈልግም።

የቡና አተላ፦ በኮምፖስት ውስጥ ተብላልቶ ጥሩ ነው። በማሰሮ ላይ በወፍራሙ ሲደፋ ግን ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ይጋገራል፣ አየርና ውኃ ይከለክላል፣ ሲረጥብም ይሻግታል።

ቫይታሚን ቢ1፦ ይሄኛው ከውጭ የመጣ ነው። ለተዛወሩ ተክሎች መድኃኒት ተብሎ በጠርሙስ ይሸጣል። አመጣጡ ይገርማል። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በካሊፎርኒያ ጄምስ ቦነር የተባለ ተመራማሪ ከተክል ተቆርጠው በብልቃጥ ውስጥ የሚያድጉ ሥሮች በቢ1 እንደሚበረቱ አየ። ገበያው ይሄን ይዞ ሮጠ። ይሁን እንጂ ቅጠል ያለው ሙሉ ተክል ቢ1ን ራሱ ይሠራል፤ በሙሉ ተክሎች ላይ ሲሞከር ጥቅሙ አልታየም፤ ቦነር ራሱም ኋላ ላይ ሐሳቡን ለውጧል። ጠርሙሱ ግን እስከ ዛሬ ይሸጣል። የተሻረ ዜና ከማስተካከያው በላይ ዕድሜ አለው፤ ይሄንንስ እኛ ጋዜጠኞች በደንብ እናውቀዋለን።

ቅጠል መቁረጥ፦ «ሸክሙን እናቅልላት» ብሎ አረንጓዴውን ሁሉ የሚመለምል አለ። የደረቀውንና የሞተውን ማንሣት ተገቢ ነው። አረንጓዴው ግን ለአዲሱ ሥር ምግብ የሚልክ እሱ ነው፤ ሥር እንዲበቅል የሚያነቃቃው ቅመምም ከላይ ከለጋው ጫፍ ነው የሚወርደው። ተዉት።

ማሰሮና አፈር

አሁን ደግሞ ወደ መከላከሉ እንምጣ። ሰው ለልጁ ጫማ ሲገዛ «ያድግበታል» ብሎ ሁለት ቁጥር ያስበልጣል። በተክል ይሄ አይሠራም። አዲሱ ማሰሮ ከድሮው በአፉ ስፋት ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ቢበልጥ ይበቃል። ሥር ያልደረሰበት ትርፍ አፈር ውኃውን የሚጠጣለት ስለሌለ ለሳምንታት ርሶ ይቆያል። የኒዶ ጣሳ ልጅ ባልዲ ውስጥ ስትገባ የሚደርስባት እሱ ነው።

ቀዳዳ የሌለው ማሰሮ ማሰሮ አይደለም፤ ድስት ነው። የዘይት ጀሪካን ቆርጣችሁ፣ የቀለም ባልዲ አጥባችሁ ብትተክሉ ማንም አይፈርድባችሁም፤ ታቹን ብሱት እንጂ። የሚያምረውን ማሰሮ ካልበሳችሁት ደግሞ እንደ ልብስ አልብሷት፤ ተክሏ ቀዳዳ ባለው ላስቲክ ማሰሮ ሆና ውስጡ ትቀመጥ፣ ስታጠጡ አውጧት።

«ታች ጠጠር ካደረግሁ ቀዳዳ አያስፈልግም» የሚባለውም እውነት አይደለም። ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ ከላይ ያለው አፈር እስኪጠግብ ድረስ ድንበሩ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ጠጠሩ ረግረጉን አያጠፋውም፤ ወደ ሥሩ ከፍ ያደርገዋል እንጂ። ጠጠር ካላችሁ ታች አትደርድሩት፤ አድቅቃችሁ ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉት።

ስለ አፈር ካነሣን፣ እኛ አገር ዋልካ ወይም ኮትቻ የምንለው ጥቁር አፈር ለጤፍና ለሽምብራ በረከት ነው። ለማሰሮ ግን መከራ ነው። ሲረጥብ ያብጣል፣ አየር ያባርራል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሥር ይበጥሳል፣ ከማሰሮው ግድግዳ ይላቀቃል። በዚያን ጊዜ የምታጠጡት ውኃ በጎን ሾልኮ ይወርድና በሰሐኑ ላይ ስታዩት «ጠገበች» ትላላችሁ። መሐሉ ግን አቧራ ነው። እንዲህ ከሆነ ማሰሮውን ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀምጣችሁ ከታች እንዲጠጣ ማድረግ ይሻላል።

ፈረንጆች ለማሰሮ አፈር ማላሊያ ብለው ፓሚስ በኪሎ ይገዛሉ። እኛ ብሎኬት እንሠራበታለን! ስምጥ ሸለቆ ያወረሰን ፓሚስና ቀይ ሬድ አሽ በየግንባታው ዳር ተቆልሎ ያድራል። ሁለቱም ቀዳዳ የበዛባቸው፣ ውኃ ይዘው አየር የማይከለክሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ናቸው። ከግንባታ ጠባቂው በፈቃድ አንድ ፌስታል ለምናችሁ፣ ወንፍታችሁ፣ ከሲሚንቶ የጸዳውን አጥባችሁ ብትቀላቅሉ የማሰሮ አፈራችሁ ይለወጣል።

ሌላው ወቅት ነው። «ክረምት የችግኝ ወቅት ነው» የሚለው ትክክል ነው፤ ለሜዳ። ሜዳ ላይ የሚያጠጣ ስለሌለ ዝናቡን እንከተላለን። ቤት ውስጥ ግን የሚያጠጣው እናንተ ናችሁ። በአዲስ አበባ ክረምት ደግሞ ቤቱ ይበርዳል፣ ብርሃኑ ይጠፋል፣ አፈሩ አይደርቅም፣ ተክሏ ትንሽ ነው የምትጠጣው። ግድ ካልሆነ በቀር ማሰሮ የመቀየሩን ሥራ ብርሃን ሲመለስ፣ መስከረም ሲጠባ ብታደርጉት ይመረጣል። ከመንገድ ዳር የገዛችኋትንም እንደገባች አትንቀሉ። ከጥላ መረብ ሥር ወጥታ በሚኒባስ ተሳፍራ ወደ ጨለማ ሳሎን የገባች ፍጥረት ናት። ሁለት ሳምንት ያህል ቤቱን ትልመድ፤ ከዚያ ማሰሮ ትቀይር።

«ሌላ መግዛት አይቀልም?»

ይቀላል። እዚህ ላይ አልዋሽም። አንዲት የማሰሮ አበባ ብትሞት ዓለም አይናወጥም። «አየር ታጠራለች» የሚለውንም መከራከሪያ አላነሣም፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው መስኮት የመክፈትን ያህል አየር ለማጽዳት በየካሬ ሜትሩ ከ10 እስከ 1,000 ተክል ሊያስፈልግ ይችላል። መስኮት ይከፈት።

የእኔ ጉዳይ ልማዱ ነው። የጠወለገውን ጥሎ ሌላ መግዛት የለመደ እጅ መቼም ምክንያቱን አያገኘውም፤ ሁለተኛዋንም በዚያው ጆግ፣ በዚያው ድስት፣ በዚያው ጭቃ ይገድላታል። የሚጠፋውም የተክሏ ዋጋ ብቻ አይደለም። በየቤቱ ሊገዛ የማይችል ተክል አለ። ከእናት ቤት የተቆረጠች በሶብላ፣ ከአያት መቃብር ዳር የመጣች እሬት፣ ካሁን የማይገኝ ሰፈር የተረፈች ጤና አዳም። ለነሱ ሌላ የለም።

ደግሞስ ይሄ ልማድ ከሳሎን ወጥቶ አገር ውስጥ አይታይም ትላላችሁ? ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ተነገረን። ዓለም አወራው። በየዓመቱም ክረምት ሲመጣ የ«ተተከለ» ዜና አለ፤ ቁጥሩ፣ ባለሥልጣኑ፣ አካፋው፣ ጓንቱ። እኔም በሙያዬ እንዲህ ያለውን ዜና በየዓመቱ እሰማለሁ፣ አነባለሁ። መተከሉን አልቃወምም፤ ይተከል። የ«ጸደቀ» ዜና ግን የታለ? በመቶኛ የተቀመጠ አኃዝ በስብሰባ ላይ ይነበባል። በኅዳር ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ በየካቲት ፀሐዩ ሲበረታ ወደዚያው ኮረብታ ተመልሶ ወጥቶ፣ ጣቱን አፈሩ ውስጥ አስገብቶ የሚዘግብ ግን ስንት ነው? ከጥቁር ላስቲኳ ወጥታ ኮረብታ ላይ የቆመችው ችግኝ ሳሎን ካለችው ፊከስ ጋር አንድ ዓይነት ፈተና ነው የገጠማት፤ ሥሯ ተበጥሷል፣ ቅጠሏ ይተነፍሳል። ልዩነቱ ለእሷ ጣት የሚያስገባላት የለም።

ሰውስ? ሰውም ይነቀላል፣ ይተከላል። ቁልፍ ተሰጠው፣ ፎቶ ተነሣ፣ «ተዛወረ» ተባለ። እድሩ ተበጥሷል፣ የቡና አጣጩ ተበጥሷል፣ በዱቤ የሚሰጠው የሱቅ ደንበኛ ተበጥሷል። እነዚህ የሰው የሥር ፀጉሮች ናቸው፤ በዓይን አይታዩም፣ የሚያኖሩት ግን እነሱ ናቸው። አዲሱ ቤት ሰፊና የሚያምር መሆኑ መልስ አይሆንም፤ ያ ማሰሮም ሰፊና የሚያምር ነበር። ከስድስት ወር፣ ከዓመት በኋላ በሩን አንኳኩቶ «እንዴት ነዎት፣ ለመዱት?» የሚል ካልተገኘ የተዛወረው ሰው ጸደቀ ወይስ ቆሞ ቀረ የሚለውን ማን ያውቃል?

ከጆጉ በፊት

እንግዲህ ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ልምከር ካልኩ ምክሬ አጭር ነው። ማሰሮ የቀየራችሁላት ተክል ከጠወለገች ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አትደንግጡ። ጣታችሁን አስገቡ። ደረቅ ከሆነ በቀስታ፣ በታች ጠብ እስኪል አጠጡና ሰሐኑ ላይ የቀረውን ድፉት። እርጥብ ከሆነ ተዉ። ብርሃን ስጧት፣ ቀጥተኛ ፀሐይና ነፋስ ከልክሏት፣ ቦታዋን በየቀኑ አታቀያይሩ። ግንዷ ድሮ ከነበረበት ከፍታ በላይ በአፈር ተቀብሮ እንደሆነ እዩ፤ ከተቀበረ አፈሩን ዝቅ አድርጉ። አፈሩ ከሸተተ ወይም እርጥብ ሆኖ ሳለ ተክሏ እየባሰባት ከሄደች አውጥታችሁ ሥሯን እዩ፤ ነጩን አትርፉ፣ የበሰበሰውን ቁረጡ፣ በጠባብ ማሰሮና አየር ባለው አፈር መልሷት። ማዳበሪያው ይቆይ። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ።

መጠበቅ ሥራ አይመስልም፤ ለፎቶም አይመችም። «ምን አደረግሽላት?» ሲሏችሁ «ተውኳት» ማለት ያሳፍራል። ነገር ግን በየቀኑ እያዩ፣ እየዳሰሱ፣ እጅን ይዞ መተው ከመርሳት ይለያል። መርሳት ጀርባ መስጠት ነው፤ ይሄኛው ግን ፊት ለፊት ቆሞ መታገሥ ነው። እኛ ትውልድ (ራሴንም ጨምሬ ነው የምለው) ያጣነው ይሄንን መሐለኛ ነገር ይመስለኛል፤ ወይ እናጥለቀልቃለን፣ ወይ እንጥላለን።

ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ጥግ ላይ አንገቷን የደፋች ካለች ከጆጉ በፊት ጣታችሁን፣ ከቆሻሻ ገንዳው በፊት ጥፍራችሁን ሞክሩ። በሚቀጥለው ክረምትም «ይህን ያህል ተተከለ» የሚል ዜና ስትሰሙ፣ አንባቢም ሁኑ ጋዜጠኛ፣ አንድ ጥያቄ አስከትሉ፦ የአምናውስ ጸደቀ?